ትምህርቱን ልተወው ወይስ እሱን?

ዛሬ ፖስታችን ውስጥ የተገኘው ደብዳቤ ከወትሮው ለየት ያለ ነው። ፍቅርም አለበት፣ ገንዘብም አለበት፣ ፈረስም አለበት! ጸሐፊዋ ስሟ እንዲገለጽ ስላልፈለገች በራሷ አነጋገር አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ዕድሜዬ 26 ነው። አዲስ አበባ ዳር ካለ አንድ ጋጣ በወር እየከፈልኩ ባዝራዬን አሳድራለሁ። እዚያው ፈረስ የሚያሳድሩ አምስት ልጆች አሉ፤ አንደኛው እጮኛዬ ነው። ሁላችንም በየፊናችን እንጋልብ ነበር። ‹አስተማሪ በጋራ ብንቀጥር ይቀለናል› ብዬ ያሰባሰብኳቸው እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለቱ ጎበዝ ነን ባዮች ድንገት ሲጋልቡ የአንዷ ልጅ ፈረስ ተከተላቸውና ጣላት። እግዜር አውጥቷት ክንዷ ብቻ ተላጠ። እጮኛዬ ግን ሳቀባት! ‹ፈሪ ፈረስ ላይ ምን አወጣት?› አለ። አሁን ግማሹ ገንዘቤን መልሺ ይላል፣ አስተማሪው ቀርቷል፣ እጮኛዬም ‹ጣጣውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ› ይለኛል። ምን ላድርግ? ትምህርቱን ልተወው ወይስ እሱን?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው። ከፈረሱ ልጀምር፤ የሰውየው መልስ እዚያው ውስጥ ስላለ።

በመጀመሪያ ልጅቷን የጣላት ፍርሃቷ አይደለም። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ከፊቱ ያሉት ሲሮጡ አደጋ ያዩ ይመስለዋልና አብሮ ይፈተለካል። ይሄ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ በጋራ ትምህርት ላይ የማይሻር አንድ ሕግ አለ፦ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ ደካማው ጋላቢ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ የፈለገ ሌላ ሰዓት ይፈለግለት። በቃ!

ታዲያ ስድስታችሁን ለሁለት ክፈሉ፤ ሦስት ሦስት ሁኑ። አከፋፈሉ በጓደኝነት ወይም በፈረሱ ማማር አይሁን። አስተማሪው እያንዳንዱን ለብቻው ይየው፦ በእርምጃና በሶምሶማ ይሄዳል ወይ? ያለ ሰው እርዳታ ያዞራል ወይ? ከሁሉም በላይ፣ ሲፈልግ ያቆማል ወይ? ማቆም ያልቻለ ሰው መጋለብ የሚባል ነገር አይጀምርም። ለየቡድኑ 45 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። አንደኛው ቡድን ሲማር ሌላው ዳር ቆሞ ይመልከት። ሰው ከሌላው ስህተት ብዙ ይማራል፤ የጋራ ትምህርት አንዱ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የጋጣውን ባለቤት አነጋግሪ። ሜዳው የእሱ ነው። የትኛው ሰዓት ሜዳው ነፃ እንደሆነ፣ ፈረሶቹ መቼ እንደሚበሉ ጠይቂው። እህል የበላ ፈረስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳያርፍ ሥራ አይሠራም፤ ሆዱን ሊያመው ይችላል፣ የፈረስ ሆድ ሕመም ደግሞ ይገድላል። ሰው ቢጎዳ፣ ፈረስ ቢጎዳ ማን ምን ይከፍላል የሚለውንም ዛሬውኑ በጽሑፍ አስፍሩ። «እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን» የሚባለው እስኪወድቁ ድረስ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ጠቡ ያለው እዚህ ነው። ለምሳሌ አስተማሪው ለአንድ ቀን 3,000 ብር ቢጠይቅ ለስድስት 500፣ 500 ይደርሳችኋል። ሁለቱ ቢቀሩስ? ለቀሩት 750 ሊሆን ነው። ያኔ ነው «እኔ ለሌላው ሰው ለምን እከፍላለሁ?» የሚመጣው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክፍያው የወር ይሁን፣ በቅድሚያ ይሁን፣ የቀረም ሰው ይክፈል። አስተማሪው ቀኑን የሸጠላችሁ ለስድስታችሁም ነው። ፈረሱ ለታመመበት ብቻ ሌላ ቀን ይተካለት። አንዱ ገንዘቡን ይያዝ፣ ሌላው ይመዝግብ። አንቺ ሁለቱንም አትያዢ! ያሰባሰበ ሰው ገንዘብም ከያዘ ሐሜቱ አይቀርለትም። ለባልደራሱም ጉርሻ ከመዋጮው ላይ አስቡለት። ማለዳ ተነስቶ ስድስት ፈረስ የሚያዘጋጅላችሁ ሰው ተረስቶ አይቅር።

አሁን የሜዳውን ደንብ ልዘርዝር። ቆርጣችሁ ጋጣው በር ላይ ለጥፉት፦

አንድ፦ በፈረስና በፈረስ መካከል ቢያንስ የአንድ ሙሉ ፈረስ ርዝመት ክፍት ይሁን። የሚራገጥ ፈረስ ካለ በብዙ አገር እንደሚደረገው ጭራው ላይ ቀይ ጥብጣብ እሰሩለት፤ ከኋላም ይሁን።

ሁለት፦ ፊት ለፊት ስትገናኙ ግራ ትከሻ ለግራ ትከሻ እየሆናችሁ ተላለፉ። አስተማሪው ሳይናገር ማንም ፍጥነት አይቀይር።

ሦስት፦ ድንጉላ ያለው ሰው ከባዝራ ኋላ አይሰለፍ። ባዝራዋ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ጋጣዋ ትዋል። ሰንጋ ፈረስ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

አራት፦ የራስ ቁር ያላደረገ አይውጣ። የፈረስ ይሁን እንጂ የሞተር ብስክሌት አይሁን፤ አገጭ ሥር ይታሰር። ወድቆ የተመታ ቁር ደህና ቢመስልም ይቀየራል። የወደቀችው ልጅ የራሷን ትቀይር!

አምስት፦ ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጉ። ስኒከር እርካብ ውስጥ አልፎ ይገባል፣ የወደቀም ሰው ይጎተታል። ከመውጣታችሁ በፊት የኮርቻውን የሆድ ማሰሪያ ራሳችሁ ፈትሹ።

ስድስት፦ ቁስል ካለበት ፈረስ ላይ የወረደ ኮርቻና ልጓም ሌላው ላይ አይጫን። ፈረሶቻችሁንም አስከትቡ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ተናካሽ ትንኞች ያመጡታል፤ ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል።

«ለመዝናኛ ይሄ ሁሉ ደንብ?» የምትሉ አትጠፉም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን ተመልከቱ። በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን እንጅባራ ላይ በድምቀት ያከብራል። በሺህ የሚቆጠር ፈረሰኛ ደንብ ይዞ ከዘለቀ ስድስት የከተማ ልጆች እንዴት ያቅታችኋል?

ወደ እጮኛሽ ልመለስ። በአንድ ሳቅ ብቻ ሰው ተው አልልሽም። ሰው ሲደነግጥም ይስቃል። ያሳሰበኝ ከሳቁ በኋላ ያለው ነው፦ የወደቀችውን ፈሪ አላት፣ ጥፋቱን ደግሞ አንቺ ላይ ጣለ። ከጋለቡት ሁለቱ አንዱ እሱ ይሁን አይሁን አልጻፍሽልኝም። ከሆነማ ነገሩ ይብሳል። እስቲ ጓደኞቻችሁ በሌሉበት፣ ፈረስም በሌለበት ረጋ ብለሽ አነጋግሪው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ልጅቷን ይቅርታ ይበላት። እሺ ካለ፣ ጉራ ያለበት ግን ልብ ያለው ልጅ ነው፤ ጉራው ከጊዜ ጋር ይረግፋል። «እኔ? ለእሷ?» ካለ ግን ልብ በይ። ዛሬ በሌላ ሰው ውድቀት የሚስቅና ነገሩን በአንቺ የሚያላክክ ሰው፣ ነገ ትዳር ውስጥ አንቺ ስትወድቂ ምን እንደሚል ከወዲሁ ነግሮሻል። ያኔ ቀለበቱን ቀስ ብለሽ አስቢበት።

አንቺስ ጥፋተኛ ነሽ? በፍጹም! ሰው ማሰባሰብሽ ደግ ነው፤ የጎደለው ደንብ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈረሶቹ ይረፉ። ቡና አፍሊ፣ አምስቱንም፣ አስተማሪውንም፣ ባለጋጣውንም ጥሪ። የወደቀችው ልጅ መጀመሪያ ትናገር። ከዚያ ደንቡን አንብቡ፣ ፈርሙ። አልፈርምም ያለ ሰው ድርሻው ይመለስለትና ብቻውን ይጋልብ። አራትም ብትቀሩ ትምህርቱ ይቀጥላል።

የሆነውን ጻፊልኝ። ደህና ሰንብቱ!