ከጠመንጃው በፊት ትከሻው ይለካ

በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የቱርኩ ተኳሽ ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተራ መነጽር አድርጎ ሲተኩስ የተነሳው ፎቶግራፍ ዓለምን አዳርሷል። ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ማኅበራዊ ሚዲያው ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም፤ ሌሎቹ የደረደሩት ሌንስና የዓይን መከለያ ጌጥ ነው፣ ጎበዝ ተኳሽ ዕቃ አያሻውም ተባለ። ፍርዱ ደስ ይላል፣ ለጠመንጃ ግን አይሠራም። ዲኬች የተኮሰው በሽጉጥ ነው፤ ሽጉጥ ደግሞ ከተኳሹ አካል ጋር የሚገናኘው በመዳፉ ብቻ ነው። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይደገፋል፣ ጉንጭ ይነካል፣ ሁለቱንም እጆች ይይዛል፤ ቆሞ ለሚተኩስም ክብደቱ በክርን በኩል ዳሌው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ዕቃ ይብዛ ወይስ ይነስ የሚለው ክርክር መነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት ዕቃው በማን ልክ ተስተካከለ የሚለው ነው።

ጉዳዩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር የዒላማው እምብርት ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ነጥብ ናት። አጉሊ መነጽር አይፈቀድም፤ ተኳሹ ከኋላ ባለች ጠባብ ቀዳዳ አሻግሮ ከፊት ያለውን ቀለበት እያየ ጥቁሩን ክብ መሀሉ ያስገባል። በቀዳዳዋና በቀለበቱ መካከል 80 ሴንቲ ሜትር ቢኖር፣ የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር መዛነፍ ዒላማው ላይ ሲደርስ ወደ 1.25 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ይህም በነጥብ ሲሰላ ግማሽ ነጥብ ነው። በዚያው በፓሪስ የሴቶች ፍጻሜ የ16 ዓመቷ ደቡብ ኮሪያዊት ባን ህዮጂንና ቻይናዊቷ ሁዋንግ ዩቲንግ 251.8 እኩል አግኝተው፣ ወርቁ የተለየው በአንዲት ተጨማሪ ጥይት፣ በ10.4 ለ10.3 ነበር። አንድ አሥረኛ ነጥብ ሩብ ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ይህች መዛነፍ የምትመጣው ብዙ ጊዜ ከርካሽ ዕቃ አይደለም። የጉንጭ ማሳረፊያው ዝቅ ካለ ተኳሹ ዓይኑን ከቀዳዳዋ ለማገናኘት አንገቱን ይሰብራል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ያምራሉ፣ አንገቱ ሲዝል ግን ዓይኑ ይንሸራተታል፤ ማጣሪያው ደግሞ 60 ጥይት ነው። ሰደፉ ከረዘመ ወገብ ወደ ኋላ ይለጠጣል። አፈሙዙ ላይ የሚታሰረው ተጨማሪ ክብደት መወዛወዙን ያረግባል፣ ዋጋውን ግን ጀርባ ይከፍላል። ጀማሪው በጣም የሚሳሳተው የፊቱን ቀለበት ሲመርጥ ነው፤ ጠባቡ ይበልጥ የሚያስተካክል ይመስለዋል። ቀለበቱና ጥቁሩ ክብ ሊነካኩ ሲደርሱ ዓይን ይጨናነቃል፣ ጣትም ቃታውን ለመሳብ ያመነታል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ጠመንጃውን ይዞ ዓይንን መጨፈን፣ መተንፈስ፣ መግለጥ። ማነጣጠሪያው ከዒላማው ሸሽቶ ከተገኘ አቋቋሙ ወይም ሰደፉ ይስተካከላል፣ አንድ በአንድ፣ ደብተር ላይ እየተጻፈ።

አሜሪካዊው ማት ኤሞንስ ከአቴንስ 2004 ኦሊምፒክ በፊት ጠመንጃው ሆን ተብሎ ተበላሽቶበት፣ ከቡድን ጓደኛው በተዋሰው ጠመንጃ በ50 ሜትር የደረት ተኩስ ወርቅ አገኘ። ታዲያ ልክ ምን ፋይዳ አለው የሚል ይኖራል። የውድድር ጠመንጃ ግን ሰደፉም የጉንጭ ማሳረፊያውም በብሎን ይስተካከላል፤ ልኩን የሚያውቅ ተኳሽ የሰው ጠመንጃ ሲዋስ ልኩን ይዞ ይሄዳል። በቤጂንግ 2008 ደግሞ ያው ኤሞንስ በመጨረሻዋ ጥይት 6.7 ቢያገኝ ወርቁ የእሱ ነበር፤ ጣቱ ቃታውን ሳይዘጋጅ ነክቶት 4.4 ተኩሶ አራተኛ ወጣ። በውድ ዋጋ የሚፈለገው ቀላል ቃታ የእንዲህ ያለውን ተኳሽ ጣት እንኳ ቀድሞ እንደሚሄድ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ከበድ ያለው ተቃውሞ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ ስፖርቱ የሰው ይሁን፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጠመንጃ ይተኩስ ይላል። ግማሹን እቀበላለሁ። የተኩስ ጃኬት ጨርቅ ከ2.5 ሚሊ ሜትር እንዳይወፍር፣ ድርቀቱም በመሣሪያ እንዲለካ ደንቡ ማዘዙ ተገቢ ነው፤ እንደ ጣውላ የደረቀ ጃኬት የጡንቻን ሥራ ይነጥቃል። የአየር ጠመንጃ ከ5.5 ኪሎ እንዳይበልጥ መወሰኑም እንዲሁ። የማይስተካከል አንድ ዓይነት ጠመንጃ ግን ለሁሉም እኩል አይሆንም፤ የአንድን ሰው ልክ ይዞ ስለሚሠራ አጭሯን ልጅና ግራኙን ይቀጣል። በፓራሊምፒክ ክንዳቸው ጠመንጃ ለመሸከም የማይችል ተኳሾች ጠመንጃውን በስፕሪንግ ላይ ያሳርፋሉ፤ ይህን ጌጥ የሚለው የለም።

ክለቦችም ሆኑ ወላጆች አዲስ ጠመንጃ ለመግዛት ከመነሳታቸው በፊት ያለውን በመፍቻ ፈትተው በልጁ ልክ ያስተካክሉ። ሻጩ ስለ ቁመት፣ ስለ ትከሻና በየትኛው ዓይን እንደሚያነጣጥሩ ሳይጠይቅ ዋጋ ከነገረዎ፣ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።