የትራፊክ ቅጣት፦ ለሕይወት ወይስ ለካዝና?

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የተጓዘ ሰው የገበያ ቀን መንገድ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በአስፋልቱ ዳር በርበሬና ጤፍ የተጫኑ አህዮች፣ ከኋላቸው እናቶች፣ ጋሪዎች፣ ባጃጆች፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ይጓዛሉ። በመካከላቸው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚከንፈው አባዱላና ቡሬ ላይ ታጥፎ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው ከባድ መኪና ጡሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ። ለእግረኛው የሠፈሩ መንገድ የሆነው ለአሽከርካሪው የአገር አቋራጭ ጎዳና ነው።

በዚህ ጉዞ ላይ ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ፣ ሾፌሩ የቅጣት ወረቀት ይዞ ሲመለስ ተሳፋሪው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ይበለው! ሊፈጀን ነበር» ሲል ሌላው «መንግሥት ገንዘብ ፈልጎ ነው እንጂ ምን አጠፋ?» ይላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003ን አወጣ፤ በደንብ ቁጥር 395/2009 አሻሻለው፤ ኋላም የቅጣቱን መጠን ከፍ ያደረገው ደንብ ቁጥር 557/2016 መጣ። ሕጉ በጠበቀ ቁጥር ክርክሩም አብሮ ጠበቀ። እኛም ነገሩን በስሌት ልንመለከተው ወደድን።

አስቀድመን ፍጥነትን እንውሰድ። አንድ አሽከርካሪ ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ 14 ሜትር ይጓዛል። በደረቅ አስፋልት ደህና ፍሬን ያለው መኪና ፍጥነቱን በየሰከንዱ 7 ሜትር በሰከንድ ያህል ይቀንሳል ብንል፣ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ይፈልጋል፤ በጠቅላላው 28 ሜትር መሆኑ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር የሚሄደውስ? በማሰቢያዋ ሰከንድ ብቻ 22 ሜትር ስለሚያልፍ፣ የመጀመሪያው መኪና ፈጽሞ በቆመበት በ28ኛው ሜትር ላይ የእርሱ ፍጥነት ገና ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንባቢ የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተሩን አውጥቶ ያረጋግጥ። በጎጃም ክረምት፣ አስፋልቱ ረጥቦ የጎማው መያዝ በግማሽ ሲቀንስ፣ የፍሬኑ ርቀት በእጥፍ ይረዝማል።

የስዊድኑ ተመራማሪ ዮራን ኒልሰን ይህንኑ በመንገድ መዛግብት ላይ ፈትሾት ነበር። አማካይ ፍጥነት በ1 ከመቶ ሲጨምር፣ ሞት የሚያስከትል አደጋ በ4 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። እንግዲህ ፍጥነትን የሚከለክል ሕግ ገንዘብ ለመሰብሰብ የተፈጠረ ሰበብ ነው የሚለው አባባል በተፈጥሮ ሕግ ፊት አይቆምም።

ይሁን እንጂ ተጠራጣሪው ተሳፋሪም የሚለው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ አገራችን ለ2016 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበችው የመንገድ ሞት 4,352 ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን 27,326 ነበር። ግምት ግምት ነው፤ ሊያከራክር ይችላል። ነገር ግን ተገጭቶ ከሳምንት በኋላ በቤቱ ያረፈ ገበሬ በፖሊስ መዝገብ ላይ ላይገኝ እንደሚችል ማንም ይረዳል። የቅጣት ብር በደረሰኝ ይቆጠራል። ሟቹ በዚያው ጥንቃቄ ካልተቆጠረ፣ ሕዝቡ ስለ ሕጉ ዓላማ ቢጠይቅ ልንወቅሰው አንችልም።

የኢኮኖሚ ሊቁ ጋሪ ቤከር በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ አጥፊ የሚያሰላው የቅጣቱን መጠን ብቻ ሳይሆን የመያዝ ዕድሉንም ጭምር መሆኑን አሳይቷል። አንድ ሾፌር ከመቶ ጊዜ አንዴ ብቻ ቢያዝና ቅጣቱ 1,000 ብር ቢሆን፣ በአማካይ እያንዳንዱ ጥፋት 10 ብር ያስወጣዋል ማለት ነው። ይህ የአንድ ትርፍ ተሳፋሪ ሒሳብ እንኳ አይሆንም። ቅጣቱን ወደ 10,000 ብር ማሳደግና የመያዝ ዕድሉን ዐሥር እጥፍ ማሳደግ በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። በመንገድ ላይ ግን እኩል አይደሉም። ቅጣቱ እጅግ ሲከብድ፣ ከደረሰኙ ይልቅ በጨበጣ መገላገል ይቀላል፤ ያን ጊዜ ደኅንነቱም ገቢውም ይቀራል። የእኛ አቋም እዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ሕጉ ይጥበቅ፣ ነገር ግን የሚጠብቀው በብሩ ሳይሆን ጥፋተኛው እንደሚያዝ እርግጠኛ በመሆኑ ይሁን።

የመቆጣጠሪያው ቦታና አኳኋንም ይናገራል። ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰውሮ የሚጠብቅ ፖሊስ ብዙ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ተማሪዎች በሚያቋርጡበት ቁልቁለት ላይ በግልጽ የቆመ ፖሊስ ደግሞ ደረሰኙን ሳያወጣ ፍጥነቱን ያስቀንሳል። እንግሊዞችም ይህ ጉዳይ አከራክሯቸው ነበር። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፍጥነት ካሜራ የሚተክሉ የአካባቢ ጥምረቶች ወጪያቸውን ከቅጣቱ ገቢ እንዲሸፍኑ ሲፈቀድ፣ «የገንዘብ ማሽን» የሚል ወቀሳ በረታ። ስለዚህ ካሜራዎቹ ከሩቅ እንዲታዩ ቢጫ ተቀቡ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሜራውና በገንዘቡ መካከል ያለው ቁርኝት ተቋረጠ።

ከሁሉ የተሻለው መፈተኛ ግን በራሳችን ደንብ ውስጥ አለ ብለን እናምናለን። ደንብ ቁጥር 208/2003 ከገንዘብ ቅጣት ጋር የጥፋት ነጥብን አስገብቷል፤ ነጥቡ እየተጠራቀመ መንጃ ፈቃድን እስከ ማሳገድ ይደርሳል። ነጥብ ለካዝና አንዲት ሳንቲም አያስገባም። ባለጸጋው እንደ ድኻው ይፈራዋል፤ ባለንብረቱም «ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ፣ አንተ ብቻ ድረስልኝ» ብሎ ሾፌሩን ሊያደፋፍረው አይችልም። አንድ የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱን ሲያነብ፣ ከሰበሰበው ብር አስቀድሞ ያገዳቸውን መንጃ ፈቃዶችና የቀነሰውን ሞት ቢጠራ ክርክሩ ግማሹን ያህል ይረግባል።

የቀረውን ግማሽ አንባብያን ልትፈትኑት ትችላላችሁ። እርግጥ ነው፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ ይህ ጎዳና ብዙ ጊዜ ተስተጓጉሏል፤ ኬላ የሚለው ቃልም ከትራፊክ ሌላ ነገር ያስታውሳል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን ከአስፋልቱ በደንብ ርቃችሁ፣ በሁለት ምልክቶች መካከል 50 ሜትር ለኩ። መኪናው ከአንዱ ወደ ሌላው በ3.6 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ2.25 ሰከንድ ካለፈ 80 ነው። መቶ መኪና ትራፊክ ፖሊስ ባለበት ቀን፣ መቶ መኪና ደግሞ በሌለበት ቀን መዝግቡ። ቅጣት በተጨመረ ጊዜም ከመጨመሩ በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። የእጅ ስልክ ሰዓት ይበቃል። ሠንጠረዡን ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ብትልኩልን፣ ከነስሕተቱ መጠን አስልተን እናትመዋለን።