ለልጆቹ ስንል ወጣን

በዋሽንግተን ዲሲ በሐበሻ ቤት ልጅ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ከቡናው ጋር አብሮ የሚቀርብ ጥያቄ አለ፦ “ሚድል ስኩል ሳይገባ ሜሪላንድ ብንሄድስ?” የሄዱትም መልሳቸው አንድ ነው፦ “ለልጆቹ ስንል ወጣን።” እኔ ግን ብዙዎቻችን ለልጆቹ ብለን የምንወጣው ከልጆቹ እየራቅን ነው እላለሁ።

ውሳኔው ስልክ ላይ ይጀምራል። የቤት መሸጫ ድረ ገጾች ከመኝታ ክፍሉ ብዛት ሥር የትምህርት ቤቱን ነጥብ ከ10 ያስቀምጣሉ። በነጥቡ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው የፈተና ውጤት ነው፤ አማካይ ውጤት ደግሞ ከመምህሩ ይልቅ ስለ ወላጆች ገቢ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሾን ሪርደን በ2017 ይህን በቺካጎ አሳይቷል። የከተማዋ ተማሪዎች አማካይ ውጤት ዝቅተኛ ነበር። ሆኖም ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት አምስት ዓመታት የስድስት ዓመት ያህል ትምህርት ቀስመው ተገኙ። ስለዚህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ልጆቹ በገቡበትና በወጡበት መካከል ስንት እንደጨመሩ ነው።

ከከተማ የሚያስወጣ እውነተኛ ምክንያት የለም ማለቴ አይደለም። በዲሲ ልጅ በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት አለው፤ ሌላ ካማረው ግን እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል መርጦ ሎተሪ ይገባል። ውጤቱ እስኪታወቅ እንቅልፍ የሚያጣው ወላጁ ነው። በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በአብዛኛው አድራሻው ይወስናል፤ እፎይታው ቀላል አይደለም። በቋንቋ በኩል ግን ብዙ ልዩነት የለም፦ ካውንቲው ለወላጆች በአማርኛም ይጽፋል፤ ዲሲም ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ አማርኛን ያስተናግዳል።

ሚዛኑን የሚደፋው ሰዓት ነው። ቤቱ ከከተማው ርቀው ወዳሉት የካውንቲው ሰፈሮች፣ ወደ ጀርመንታውን ወይም ክላርክስበርግ ሲሄድ የአባት ታክሲ፣ የእናት የሆቴል ሺፍት መሀል ከተማ ይቀራል። ከ11 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ አስቸጋሪ ዕድሜ ላይ ነው፦ አንሱኝ ብሎ አያለቅስም፤ የዋለበትንም ሳይጠየቅ አያወራም። የሚያወራው ወላጁን አጠገቡ ያገኘ ዕለት፣ ያውም በአጋጣሚ ነው። የዲሲ ተማሪ በከተማው ባቡርና አውቶቡስ በነፃ ስለሚሳፈር ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጥ፣ እናቱ ሥራ ቦታ ብቅ ሊል ይችላል። የካውንቲው ቢጫ አውቶቡስ ከትምህርት ቤቱ ከአንድ ማይል ተኩል በላይ ርቆ የሚኖረውን የሚድል ስኩል ተማሪ ሰፈሩ ያደርሰዋል። ከዚያ ቁልፉን አውጥቶ ባዶ ቤት ይገባል፤ እናትና አባት ያን ጊዜ ሀይዌይ ላይ ናቸው።

እርግጥ ኪራይ ገፍቶን የወጣንም አለን። በ1980ዎቹ አዳምስ ሞርጋን፣ ቀጥሎ ሾው ላይ የተሰበሰበው ሐበሻ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የተበተነበት አንዱ ምክንያት የኪራይ መወደድ ነው። ያ የኑሮ ግዴታ ነው፤ የትምህርት ምርጫ ብለን ስም ባንቀይርለት ጥሩ ነው። ደግሞም ከከተማ ውጭ ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ቢሆንም ባቡር አለው፤ ልጁን የሚያውቅ ጎረቤትና ዘመድም አይጠፋም። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” የሚለው ተረት ለትምህርት ቤትም ይሠራል፦ ወላጅ በሥራ ቀን የሚደርስበት ባለ 6 ነጥብ ትምህርት ቤት፣ የወላጅ ስብሰባው ሁሌ ከሚያመልጠው ባለ 9 ነጥቡ ይበልጣል።

ስለዚህ ውል ከመፈረምዎ በፊት በአንድ የሥራ ቀን ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ አዲሱ ቤት ይንዱ። ሲደርሱ ሰዓትዎን ይዩ፤ ከተማሪዎች መለቀቂያ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ይቁጠሩ። ያን ያህል ሰዓት በየቀኑ፣ ለሦስት ዓመት፣ ልጅዎ ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ መልስ ካለዎት ይፈርሙ።