ካርዱ አማካይ አያሰላም

ሰሞኑን በኮምፒዩተር ክበባችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩ እስካሁን ከጥቂት አባላት ጆሮ ባያልፍም፣ የሚነካው ግን በዚህ ተቋም የሚማረውንና የሚያስተምረውን ሁሉ ነው። ስለዚህም በዚህ ሰሌዳ ላይ ይዘነው ለመቅረብ ወደድን። የትምህርት ማስታወሻዎችና የማስተማሪያ መርጃዎች የሚሰበሰቡበት፣ ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችል፣ ምንጩ ክፍት የሆነ ድረ ገጽ ለመሥራት ተስማምተናል። ያልተስማማነው ገጾቹ በምን ዓይነት ቴምፕሌት ይሠሩ በሚለው ላይ ነው።

«ኧረ ይኼ ምን ያከራክራል? የሚያውቅ ሰው ይምረጥና ይለቅ!» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ለምን እንደማንስማማ ለማስረዳት ሁላችንም ከምናውቀው ነገር እንነሣ።

የተማሪ ሪፖርት ካርድን እንውሰድ። መስመሩ፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ የወላጅ መፈረሚያ ቦታው አንድ ጊዜ ታትሞ ያልቃል። የክፍል ኃላፊው መምህር በካርዱ ላይ የሚሠራው ስምና ውጤት መሙላት ብቻ ነው። ድምሩም፣ አማካዩም፣ ደረጃውም የሚወጣው በሮስተሩ ላይ ነው፤ ካርዱ አማካይ አያሰላም። ቴምፕሌትም ከዚህ ብዙ አይለይም። ባዶ ቦታ የተተወለት የገጽ ቅርጽ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ስሙን፣ ርእሱን፣ ቀኑን ከመዝገቡ እያመጣ ይሞላዋል። እንግዲህ ጥያቄው፣ ስሌቱ በካርዱ ላይ ይሠራ ወይስ በሮስተሩ ላይ ይቅር የሚል ነው።

ባለፈው ዓመት የነበረን ገጽ ስሌቱና ቅርጹ አንድ ላይ የተቦካበት ነበር። ሠሪው ወንድማችን ጎበዝ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ተመርቆ ወደ ተመደበበት ትምህርት ቤት ሄደ። እኛም አንድ ቀን የፈተና ቀን ለማስተካከል ፋይሉን ከፈትን፤ ሳናውቅ አንዲት ምልክት አጠፋን። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ! ሁለት ሳምንት ሙሉ የፈተናውን ፕሮግራም በወረቀት ጽፈን በር ላይ ስንለጥፍ ከረምን። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የአሠራሩ ነው።

ይህ ችግር በእኛ የተጀመረ አይደለም። ራስመስ ሌርዶርፍ በ1995 ለሕዝብ ያወጣው ፒ.ኤች.ፒ. የተባለው ቋንቋ የተወደደው ትእዛዝንና የገጽ ቅርጽን በአንድ ፋይል ለማቀላቀል ስለሚያስችል ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለትንሽ ሥራ ይህ ይመቻል። ሥራው ሲሰፋና የሚነካው እጅ ሲበዛ ግን መዘዙ ይመጣል።

ለእኛ ለመምህራን የሚቀርበውን ምሳሌ እንመልከት። በማርቲን ዱጊያማስ አማካይነት አውስትራሊያ ውስጥ ተጀምሮ የመጀመሪያ እትሙ በ2002 የወጣው ሙድል፣ በብዙ አገሮች መምህራን ትምህርት የሚሰጡበት ክፍት ሶፍትዌር ነው። በ2010 በወጣው 2.0 እትሙ የገጹን ቅርጽ የሚያወጡትን ትእዛዞች ለብቻ ሰበሰባቸው። ሆኖም ቅርጹን ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው አሁንም ፒ.ኤች.ፒ. ማወቅ ነበረበት። በ2015 በወጣው 2.9 እትሙ ግን ማስታሽ የተባለውን ቴምፕሌት ተቀበለ። ማስታሽ ማለት ሪዝ ማለት ነው፤ ባዶ ቦታውን የሚያመለክተው ጥምዝ ቅንፍ ወደ ጎን ሲያዩት ሪዝ ስለሚመስል ነው። በዚህ ቴምፕሌት ውስጥ ስሌት የለም። መሙላት፣ ዝርዝርን መደጋገም፣ ካለ ማሳየት ከሌለ መተው፣ ይኸው ነው። አንዱ ቴምፕሌት በሰርቨሩም በተጠቃሚው ብራውዘርም ስለሚሠራ፣ አንድን ቅርጽ ሁለት ጊዜ መጻፍ ቀረ።

በዚያው በ2015 ድሩፓል የተባለው ሌላው ትልቅ ክፍት ሶፍትዌር በ8ኛው እትሙ ትዊግን መረጠ። ትዊግ ከማስታሽ ይልቅ እጁ ረዘም ያለ ነው፤ ማወዳደርና ማጣራት ይችላል። ድሩፓሎች የሸሹት ቴምፕሌቱ በፒ.ኤች.ፒ. ሲጻፍ ማንኛውንም ነገር፣ መዝገቡን መሰረዝ እንኳ ሳይቀር፣ ለማድረግ ይችል ስለነበር ነው። ሁለቱም ቴምፕሌቶች ሌላ ጥቅም አላቸው። አንድ ተንኮለኛ በስሙ ቦታ ላይ ለብራውዘሩ ትእዛዝ ቢጽፍ፣ ጽሑፉ እንደ ጽሑፍ ይታያል እንጂ እንደ ትእዛዝ አይፈጸምም። በእርግጥ ይህን ጥበቃ ለማንሳት ይቻላል፤ በማስታሽ ሁለት የነበረውን ቅንፍ ሦስት ማድረግ ይበቃል። ስለዚህ ሦስት ቅንፍ ያየ ሰው «ይኼ ለምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ።

ተቃራኒውን ወገንም በቅንነት እንስማ። «እጃችሁን ራሳችሁ ታስራላችሁ» ይሉናል። እውነት አላቸው። ከ50 በታች የሆነ ውጤት በቀይ ይታይ ብንል ማስታሽ አያወዳድርልንም፤ «ይህ ውጤት ዝቅተኛ ነው» የሚለው ምልክት አስቀድሞ በፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ ሊመጣለት ይገባል። ለዚህ ፕሮግራም አዋቂ ያስፈልገናል። ይሁን እንጂ ይህ ያው የሮስተሩ ሥራ ነው! አማካዩን በሮስተር ማስላት ሥራ ያበዛል ተብሎ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የሚሰላበት ትምህርት ቤት አላየንም።

ሌሎች ደግሞ «ዘመኑ የሪያክት ነው፣ እሱን እንውሰድ» ይላሉ። ሪያክት ጠንካራ መሣሪያ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከታሪኩ አንድ ትምህርት እንውሰድ። በፈቃዱ ውስጥ ፓተንትን የሚመለከት አንቀጽ ስለነበረበት፣ በሴፕቴምበር 2017 ዎርድፕሬስ ሊተወው መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ወር ፌስቡክ ፈቃዱን ለውጦ አንቀጹን አነሣ፤ ዎርድፕሬስም ሪያክትን ይዞ ቀጠለ። ነገሩ በሰላም አለቀ፤ ሆኖም ፈቃድ ሳያነቡ መሣሪያ መውሰድ ምን እንደሚያስከትል አሳየ። አንጉላር ጄ.ኤስ. የተባለውም በስንት ድረ ገጽ ላይ ከተሠራበት በኋላ የጉግል ድጋፉ በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። የማስታወሻ ገጽ ለማሳየት ይህን ሁሉ ተሸክሞ መሄድ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ምርጫው በኋላ በቀላሉ የሚለወጥ እንዳይመስለን። ከድሩፓል 7 ወደ 8 ለመሻገር የገጾቹን ቅርጽ በትዊግ እንደገና መጻፍ ግድ ነበር፤ ሌላውም ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር። ስለዚህ በርካታ ድረ ገጾች በአሮጌው ላይ ቀሩ፤ የ7ኛው እትም ድጋፍ ተራዝሞ ተራዝሞ የቆመው በጃንዋሪ 2025 ነው። ዛሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ የምንወስነው ነገር ለሚመጡት የዓመታት ሥራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። ማስታሽ ይመረጥ። ፈቃዱ ነፃ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል፤ ሙድል ባለበት ተቋም ለሚመደብ ሰውም ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። በተጨማሪም በገጹ ላይ የሚነበቡት ቃላት ከቴምፕሌቱ ተለይተው በአንድ ዝርዝር ይቀመጡ፤ ሙድልም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ ገጹን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልሰው የቋንቋ መምህር ቅንፍ ሳይነካ ሥራውን ይሠራል።

ፕሮግራም የሚያውቁ ጓደኞቻችን ቅር እንዳይላቸው እንለምናለን። ችሎታቸው በሮስተሩ በኩል እጅግ ያስፈልገናል። ዳሩ ግን አንድ ነገር እናስታውስ፦ እኛ በየዓመቱ የምንሄድ ሰዎች ነን። ገጹ ይቀራል፣ ሠሪው ይመረቃል። በመጪው ዓመት ያንን ፋይል የሚከፍተው ገና የማናውቀው፣ ምናልባትም ኮምፒዩተር እዚህ የለመደ ዕጩ መምህር ነው። ያ ልጅ የፈተናውን ቀን አስተካክሎ፣ ገጹ ሳይነጣ፣ በሰላም ወደ ክፍሉ ቢሄድ ምርጫችን ትክክል ነበር ማለት ነው።

ውሳኔው የሚሰጠው በሚቀጥለው የክበቡ ስብሰባ ነው። የተለየ ሐሳብ ያለው ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ይለጥፍ፤ መምህሮቻችንም ጭምር። እኛም ተሳስተን ከሆነ ለመታረም ዝግጁ ነን።