ዲምብልቢ፣ የወሎ ረሃብና መቀሱ

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ወሎ ሲገባ ገና 29 ዓመቱ ነበር። አባቱ ሪቻርድ በእንግሊዝ ስመ ጥር የቢቢሲ ጋዜጠኛ ስለነበሩ ለሙያው ባዕድ አልነበረም። ለቴምስ ቴሌቪዥን የሠራው «ያልታወቀው ረሃብ» ጥቅምት 8 ቀን 1966 በእንግሊዝ ሲታይ ሕዝቡ ገንዘብ ለማዋጣት ተረባረበ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ሊሸፍነው ሲጥር የነበረውም ረሃብ አደባባይ ወጣ። ይህን ፊልም የሚያመሰግኑ ሰዎች እውነት አላቸው።

ቅር የሚላቸውም አሉ። ከዲምብልቢ ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ግቢያቸው ውስጥ ለሕዝብ አሳይተዋል፤ ተማሪዎችም ጮኸዋል። ሰሚ አላገኙም። ታዲያ ምስጋናው ሁሉ ለእንግሊዛዊው ወጣት መሆኑ ተገቢ ነው? አይመስለኝም። ረሃቡን ቀድመው ያጋለጡት እነሱ ናቸው። ዓለም እንዲሰማ ማድረጉ ግን የሱ ሥራ ነው፤ ይህንንም መንፈግ ንፉግነት ነው። የዘገየ መሆኑም አይካድም፤ ካሜራው ሲደርስ ብዙ ሰው አልቆ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ከዓመት በኋላ የሆነው ነው። ደርግ ፊልሙን አስቆርጦ ከቤተ መንግሥት ምስሎች ጋር አቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። አጥንታቸው የገጠጠ ሕፃናት ይታያሉ፤ ወዲያው ደግሞ ግብር ይቀርባል፣ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ይታያል። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። በየጊዜው የተቀረጹትን ምስሎች መቀስ አንድ ላይ ሲሰፋቸው፣ ተመልካቹ ግን የአንድ ቀን ነገር አድርጎ ያያቸዋል። ይህ ለተመልካቹ ፍትሐዊ አይደለም። ያም ሆኖ «ፊልሙ የሴራ ውጤት ነው» የሚሉትን አልቀበልም፤ ረሃቡ ነበረ፣ ባለሥልጣናቱም ያውቁ ነበር። ዲምብልቢንም በመቀሱ መክሰስ አይቻልም፤ የያዘው ሌላ ሰው ነው። አንድ ጋዜጠኛ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ማን በምን እንደሚጠቀምበት መቆጣጠር አይችልም፤ ይህ የሙያው ከባዱ ዕዳ ነው፣ ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

መቀሱን የያዙት እጆችም ትምህርቱን ለራሳቸው አልተማሩትም። መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር ወሎና ትግራይ ዳግም ተርበው ነበር፤ ለዓለም ያሳዩት ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ናቸው። አሁንም ከውጭ የመጣ ካሜራ።

ዲምብልቢ ከዚያ በኋላ የዛሬውን የእንግሊዝ ንጉሥ የቻርልስን የሕይወት ታሪክ ጽፏል፣ በቢቢሲ ሬዲዮም እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የክርክር መድረክ መርቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የእኛው ቤት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ወሎ ሲራብ ባለሙያም ካሜራም ነበረው። ከዲምብልቢ እኩል ዕድሜ ያላቸው ልጆች እዚያ ይሠሩ ነበር፤ ሳንሱር ግን ረሃቡን እንዳያሳዩ ከለከላቸው።