ዕጣው ለማን ወጣ?

«ገንዘብ ቀለም የለውም» ይባላል። ይህን አባባል አጥብቀው የሚወዱት፣ እንዳየሁት፣ ገንዘቡ የት እንዳደረ ሲጠየቁ የማይመቻቸው ሰዎች ናቸው። እኛ ግን በዕቁብ ያደግን ሰዎች ነን። በዕቁብ ገንዘብ ስምም ፊትም አለው። ዛሬ ዕጣው ለማን ወጣ? ዋሱ ማነው? ወስዶ ቢጠፋስ? ይህን ሳይጠይቅ ብሩን የሚጥል ሰው አላውቅም። ያው ሰውዬ ባንክ ሲሄድ ግን ደመወዙን ያስገባል፣ ካርዱን ይቀበላል፣ በቃ ሄደ። ብሩ ለማን እንደተበደረ መጠየቅ የሥራ ፈት ወይም የፈረንጅ ጣጣ ይመስለዋል።

የኔ ጠብ ከዚህ ሰውዬ ጋር ነው። (ጓደኛዬ ነው፤ ቢያነበው ይስቃል እንጂ አይቀየምም።)

የምኖረው ሲያትል ነው። ለምን ይህ ጉዳይ እዚህ ከተማ ቤት ለቤት እንደገባ እደርስበታለሁ፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከሰሜን ዳኮታ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳኮታ አክሰስ የሚባለው የነዳጅ ቧንቧ 1,172 ማይል ይረዝማል። ከሰሜን ዳኮታ ተነሥቶ ድፍድፍ ነዳጅ ይዞ ኢሊኖይ ይገባል። ወጪው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። መንገዱ ላይ የሚዙሪን ወንዝ የሚሻገረው ኦዋሂ በሚባል ሐይቅ ሥር ነው፤ ከስታንዲንግ ሮክ ሱ ነገድ ይዞታ ግማሽ ማይል ያህል ከፍ ብሎ። ቀደም ሲል ከቢዝማርክ ከተማ በስተሰሜን የሚያልፍ ሌላ መስመር ታይቶ ነበር። ተጣለ። ከተጣለባቸው ምክንያቶች አንዱ ለከተማው የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች መቅረቡ ነው። ለከተሜው ውሃ ያሰጋል የተባለ ነዳጅ የነገዱን ውሃ ሲሻገር ስጋቱ ቀለለ ማለት ነው።

ሐይቁ ራሱ ታሪክ አለው። የተፈጥሮ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ግድብ ሲሠራ ከስታንዲንግ ሮክ ብቻ ከ50,000 ኤከር በላይ መሬት ውሃ ዋጠው፤ ያውም ወንዝ ዳር ያለውን ምርጡን፣ ደን ያለበትን፣ የሚታረሰውን። ስለዚህ በ2016 «ምኒ ዊቾኒ» ብለው ሲነሡ፣ በቋንቋቸው «ውሃ ሕይወት ነው» ማለት ነው፣ ቲሸርት ላይ የሚጻፍ መፈክር ፈልገው አልነበረም። አንዴ መሬታቸውን በውሃ ተነጥቀዋል። አሁን ደግሞ የቀራቸው ውሃ ሊነካ ነው።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ላዶና ብሬቭ ቡል አላርድ የምትባል የነገዱ ሴት በቤተሰቧ መሬት ላይ ካምፕ እንዲተከል ፈቀደች። እስከ መኸር ድረስ ከብዙ ነገዶች ሺዎች ተሰበሰቡ። መስከረም ላይ የግል ጥበቃዎች ውሻ ለቀቁባቸው። ኅዳር ላይ ከዜሮ በታች በሆነ ሌሊት ፖሊስ ውሃ ረጨባቸው። ይህን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችኋል። ያላየነው የብድር ውሉን ነው። ውሻ የያዘ ጥበቃ በቪዲዮ ይወጣል፤ ከረባት አስሮ የፈረመ ሰው ግን የሚቀርጸው የለም።

ፈራሚዎቹ 17 ባንኮች ነበሩ። ውሉ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የጠቅላላ ወጪው ሁለት ሦስተኛ ገደማ። እንግዲህ ከመሬት የሚቆፍረው ማሽን አንድ ኩባንያ ቢሆንም ነዳጁን የሚሞላለት ሌላ ነው። የነገዱ ሰዎችና አብረዋቸው የቆሙት የአየር ንብረት ተሟጋቾች ይህን ሲያዩ ሰልፉን ወደ ባንኮቹ በር ወሰዱት። በኛ ቋንቋ ዋሱን ያዙት።

አሁን አሰልቺ ስለሚመስል ግን ከሁሉም በላይ ስላናደደኝ ነገር ልንገራችሁ። ባንኮች በ2003 ለራሳቸው ያወጡት፣ ኢኳተር ፕሪንሲፕልስ የሚባል የብድር ደንብ አለ። ትልቅ ፕሮጀክት ሲያበድሩ በአካባቢና በሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለማየት የገቡት ቃል ነው። የዳኮታ ብድር በተፈረመበት ጊዜ በነበረው ደንብ፣ ፕሮጀክቱ ድሃ አገር ከሆነ ተበዳሪው የነባር ሕዝቦችን መብት ጨምሮ ዓለም አቀፍ መለኪያ ማሟላት ነበረበት። አሜሪካና መሰል ሀብታም አገሮች ላይ ግን የአገሩን ሕግ ማክበር ይበቃል። እዚያ ሕግ አለ ተብሎ ታምኗላ! በወረቀት ደረጃ ኡጋንዳ ገጠር ያለ ነባር ማኅበረሰብ ከሰሜን ዳኮታው የተሻለ ጥበቃ ነበረው። ከስታንዲንግ ሮክ በኋላ ባንኮች ራሳቸው ደንቡ ይሻሻል አሉ። ከጥቅምት 2020 ጀምሮ የሚሠራው እትም ሀብታም አገር ውስጥም ቢሆን ከነባር ሕዝቦች ጋር የተደረገው ምክክር በዓለም አቀፉ መለኪያ እንዲመዘን ያዛል። «ሰልፍ ምን ለወጠ?» ለሚላችሁ ይህን አሳዩት። ደንቡ ፖሊስ የለውም፣ እሱን አልክድም። ግን ወረቀቱን የለወጠው የባንክ ሠራተኛ ሕሊና ሳይሆን ብርድ ላይ የቆመ ሰው ነው።

ወደ ሲያትል ልመለስ። የካቲት 2017 የከተማዋ ምክር ቤት ከ17ቱ አንዱ ከሆነው ከዌልስ ፋርጎ ጋር ያለው ውል እንዲያበቃ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚንቀሳቀስበት ሒሳብ ነው። በዚያው ዓመት የኖርዌዩ ዲኤንቢ፣ የኔዘርላንዱ አይኤንጂና የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ የብድር ድርሻቸውን ሸጠው ወጡ። ሆኖም ሰኔ ላይ ነዳጁ መፍሰስ ጀመረ። በ2018 ደግሞ ሲያትል ጨረታ አውጥታ ሌላ ተጫራች ባንክ ስላጣች እዚያው ዌልስ ፋርጎ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ሰውዬዬ ይስቃል። ይሳቅ፤ ግን ምን ላይ እንደሚስቅ ይወቅ። አንድ ትልቅ ከተማ ይህን ሁሉ ዶላር ይዞ «ማን ያስተዳድርልኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ከነበረው ባንክ በቀር ብቅ የሚል ከጠፋ፣ ነገ እኔን «ካልተመቸህ ባንክ ቀይር» የሚለኝ ሰው የትኛውን ምርጫ ነው የሚያሳየኝ? የተሸጠውም ብድር ሌላ ገዢ አግኝቷል፣ እውነት ነው። ብድር ሲሸጥ አይሞትም። ዋናው ነገር ቀጣዩ ፈራሚ እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት ምን ያህል ያመነታል የሚለው ነው። በ2021 ባንኮቹ የካርቦን ልቀትን እንቀንሳለን የሚል ኅብረት ውስጥ ተግተልትለው ገቡ። ዋሽንግተን ላይ ሥልጣን ሊለወጥ ሲል፣ ከታኅሣሥ 2024 እስከ ጥር 2025 ባለው ጊዜ፣ ስድስቱ ትልልቅ የአሜሪካ ባንኮች ተከታትለው ወጡ። ያሳፍራል። ግን ነፋስ በዞረ ቁጥር አብሮ የሚዞር ነፋሱ ይሰማዋል ማለት ነው። እንግዲያው ከዚህኛው ወገንም ይንፈስበት።

ሌላው ክርክር ይከብዳል። «እናቶቻችን በማገዶ ያበስላሉ፣ አንተ ስለ ነዳጅ ታለቅሳለህ» ይሉኛል። የዳኮታ ድፍድፍ ለማንም የገጠር እናት ምድጃ አልሆነም። ይልቅ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ከብቱ ሲያልቅ፣ ከሞቀው ዓለም ሒሳብ የደረሰን ድርሻ ያ ነበር። መኪና አለህ አይደል? አለኝ፣ ቤንዚንም እቀዳለሁ። ዕቁብ የገባ ሰው ዕጣ ስለወሰደው አይጠይቅም ያለው ማነው?

መጋቢት 2025 የሰሜን ዳኮታ ዳኞች ሸንጎ ግሪንፒስ ለቧንቧው ኩባንያ ለኢነርጂ ትራንስፈር ከ660 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይክፈል አለ። በኋላ ዳኛው ወደ ግማሽ ቀነሱት። ክሱ ነገዱ በራሱ ያልተነሣ፣ ሌላ ሰው የቆሰቆሰው ያስመስላል፤ ይህ ስድብ ነው። የተከሰሰው ደግሞ የጮኸው እንጂ ያበደረው አይደለም።

እኛ ጋ የዕድራችን ገንዘብ አንድ ትልቅ ባንክ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም። «ለማን ነው የሚያበድረው? ወደ አባላት ማኅበር ባንክ ብናዛውረውስ?» የሚል አጀንዳ ለሚቀጥለው ስብሰባ አስይዣለሁ። ሊቀመንበራችን ጋሽ እገሌ «አንተ ልጅ ደግሞ» ብለው መዝግበውልኛል። አንድ ነገር ብቻ ለምኛለሁ፤ ከቡና በፊት ይሁን። ከቡና በኋላ ሰው ሁሉ የሚያየው ወደ መኪናው ነው።