ቴሌቪዥን ስንገዛ ጀርባውንም እንይ

በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ፕሌይስቴሽን 2 አይጠፋም። አብዛኛው አልተበላሸም። ከአገልግሎት የወጣው አዲሱ ፍላት ስክሪን ቤት ሲገባ ነው። የገመዱ መሰኪያ ቦታ ታጣና «ጊዜው አልፎበታል» ተባለ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ማሽኑ ደህና ነው፤ የጎደለው ማገናኛ ነው፤ ማገናኛ ደግሞ ይገኛል።

ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ምርቱ በ2013 እስኪቆም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ከእሱ ጋር የሚመጣው ገመድ ጫፉ ሦስት ነው፤ ቢጫው ምስል፣ ነጩና ቀዩ የግራና የቀኝ ድምፅ ያስተላልፋሉ። ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ለቢጫው የብቻው ቀዳዳ የላቸውም፤ አረንጓዴውን ቀዳዳ ለሁለት አገልግሎት ይጠቀሙበታል። ቢጫውን አረንጓዴው ላይ ሰክታችሁ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ፣ ማሽኑ ተቃጥሏል ብላችሁ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ «ኮምፖነንት» የሚለው ላይ ስለሆነ ነውና «ኤቪ» ወደሚለው ቀይሩት፤ ቀለሙ ይመለሳል። በሌሎች ቴሌቪዥኖች ላይ ደግሞ ቀዳዳው የኢርፎን መሰኪያ ይመስላል። ለእሱ የሚሆነው አጭር ማገናኛ ከቴሌቪዥኑ ካርቶን ውስጥ አብሮ የመጣ ነበር፤ ከካርቶኑ ጋር ስንቱ ተጥሏል!

ከዚህ የተሻለ ምስል የሚፈልግ አምስት ጫፍ ያለውን የኮምፖነንት ገመድ ይግዛ። ፕሌይስቴሽን 2 እና 3 ከጀርባቸው ያለው የኤቪ መሰኪያ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱ ገመድ ለሌላውም ይሆናል። ኤችዲኤምአይ ብቻ ላለው ቴሌቪዥን ትንሿ መቀየሪያ ትሠራለች፤ ግን ከርካሾቹ ጥርት ያለ ምስል አትጠብቁ። ከዚያ በኋላ የስክሪኑን ቅርጽ 4 ለ 3 አድርጉት። ያ ካልተደረገ የድሮው ጌም በሰፊው ስክሪን ላይ ይለጠጥና ተጫዋቾቹ ሁሉ ወፍረው፣ ኳሷም ሞላላ ሆና ትታያለች።

የድምፁን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ፕሌይስቴሽን 2 ከጀርባው ኦፕቲካል የሚባል አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። ገመዱን ሰክታችሁ ማሽኑን ስታበሩ በሌላኛው ጫፍ ቀይ ብርሃን ይታያል፤ ድምፁ የሚጓዘው በዚያ ብርሃን ነው። ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ድምፁን በቀጥታ ወደ ሆም ቴአትሩ ብትልኩ፣ ዲቪዲ ፊልም በአምስቱም ስፒከርና በቤዙ ይሰማል። ሁለቱ በአንድ ገመድ መሄድ አለባቸው ያለ የለም።

ችግሩ ከአዲሱም ወገን አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ኦፕቲካል የለውም፤ ምስሉም ድምፁም የሚወጣው በኤችዲኤምአይ ነው። ኦፕቲካል ብቻ የሚቀበል ደህና ሆም ቴአትር ያለው ሰው ግን ሌላ መግዛት አያስፈልገውም። ጌሙን ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤችዲኤምአይ፣ ቴሌቪዥኑን ከሆም ቴአትሩ ጋር በኦፕቲካል ያገናኝ። ከዚያ የጌሙን የድምፅ ዓይነት ከፒሲኤም ወደ ዶልቢ ይቀይር፤ የቴሌቪዥኑንም የድምፅ መውጫ እንዲሁ። ኦፕቲካል በፒሲኤም የሚያሳልፈው የሁለት ስፒከር ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ካልተነካ የኋላዎቹ ስፒከሮች ዝም ይላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መዘግየት። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ሲሠራ ጊዜ ይወስዳል። በሰከንድ 50 ምስል በሚያሳይ ጌም 100 ሚሊ ሰከንድ ብትዘገዩ አምስት ምስል ወደኋላ ቀራችሁ ማለት ነው። ፔስ በሚባለው የእግር ኳስ ጌም ላይ ፔናልቲ ሲመታ በረኛው የሚዘለው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ልጁም ጆይስቲኩን ይረግማል። መፍትሔው ቴሌቪዥኑ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን ማብራት ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም።

ከአሜሪካ ዘመድ ላመጣው ማሽን ደግሞ ከሁሉ በፊት መብራቱን አስቡ። በዚያ የተሸጠው ትልቁ ፕሌይስቴሽን 2 ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛው 220 ነው። ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት ደህናውን ዕቃ ማቃጠል ነው። ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ነገሩ ስለሚያናድደኝ ነው። ውጭ ምንዛሪ ወጥቶበት የገባ፣ የሚሠራ ዕቃ በአንዲት ቀዳዳ ምክንያት ቆሻሻ መሆን የለበትም። አምራቾች በየጊዜው መሰኪያ ይቀንሳሉ፤ ሸክሙን የሚሸከመው ገዢው ነው። ሱቅ ስንገባ ስለ ኢንቹና ስለ ስማርትነቱ እንጂ ከጀርባው ምን እንዳለ የሚነግረን የለም፤ እኛም አንጠይቅም። ሻጮች የመሰኪያዎቹን ዓይነት ከዋጋው ጎን ቢጽፉ ምንም አያጡም፤ ደንበኛ ያተርፋሉ። ካርቶን ውስጥ ያለችውን አጭር ማገናኛም አውጥተው ቢያሳዩን ውለታ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ሥራው የእኛ ነው። ቴሌቪዥን ወይም ሆም ቴአትር ለመግዛት ስትወጡ ቤት ያሉትን ዕቃዎች ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሻጩን ዕቃውን አዙርልኝ በሉት፤ ቀዳዳዎቹን ከፎቷችሁ ጋር አመሳክሩ። ከተቻለ ጌሙን ራሱን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩ። ምስሉን ሳታዩ፣ ድምፁን ሳትሰሙ አትክፈሉ።